የጡት ኤም አር አይ በኮንትራስት፦ ከቱሉ ዲምቱ ሲታይ

በአዲስ አበባ ዳር ባሉ ሰፈሮች አንዲት ሴት «ጡቴ ላይ የሆነ ነገር ነካሁ» ካለች ቶሎ የሚሰነዘረው ምክር «አትዘናጊ፣ ኤም አር አይ ተነሺ» ሆኗል። ቱሉ ዲምቱም፣ ኮዬ ፈጬም፣ ቦሌ አራብሳም ያው ነው። ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወገቡን ያመመው ጎረቤት ኤም አር አይ ተነስቶ ዲስኩ ታይቶለታል። ማሽኑ ትልቅ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ «እሱ ያላየውን ማን ያየዋል?» ይባላል።

ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። ኮንትራስት ተሰጥቶ የሚነሳ የጡት ኤም አር አይ ካንሰርን በማግኘት አቅሙ ማሞግራፊ የተባለውን የጡት ራጅም አልትራሳውንድንም ይበልጣል። በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ይዛ ለመጣች ሴት ግን የመጀመሪያው ፌርማታ አይደለም። ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያስፈልጋትም። እንዲያውም ገንዘቧንና ጊዜዋን በልቶ ዋናውን ምርመራ ሊያዘገይባት ይችላል።

ማሽኑ ምን እንደሚያይ እንመልከት። ኤም አር አይ ራጅ አይደለም፤ እንደ ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። በኃይለኛ ማግኔትና በሬድዮ ሞገድ አማካኝነት በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ምልክት ይሰበስባል። የተለመዱት ማሽኖች ጉልበት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው። ጭንቅላትና አከርካሪ ላይ ይህ ብቻውን ብዙ ያሳያል። ጡት ላይ ግን ካንሰሩና ጤነኛው የወተት ዕጢ ብዙ ጊዜ ተመሳስለው ይወጣሉ። የሚለያያቸው ኮንትራስቱ ነው።

ኮንትራስቱ ጋዶሊኒየም የተባለ ንጥረ ነገር ያለበት ፈሳሽ ነው። በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። መጠኑ በክብደት ይሰላል፤ ለአንድ ኪሎ 0.1 ሚሊሞል። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ የካንሰሩ ጠባይ ራሱን ያጋልጠዋል። አንድ ዕጢ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ለማደግ የራሱ ደም ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1971 ይህንን ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። ዛሬ ግን የመማሪያ መጽሐፍ ነገር ነው። ካንሰሩ አዳዲስ ደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይጠራል። ደም ሥሮቹ ግን ጥራት የላቸውም። ሰው ገና ሳይገባበት በጥድፊያ የተዘረጋ የኮንዶሚኒየም የውሃ መስመር እንዴት እንደሚሆን የሰፈሬ ሰው ያውቃል፤ በየመገጣጠሚያው ያፈሳል። የካንሰር ደም ሥርም እንዲሁ ነው። ኮንትራስቱ በቶሎ ይገባል፣ ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ዕጢውም በምስሉ ላይ ደምቆ ይወጣል። ይህ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ገደማ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ አንዴ ሳይወጋ፣ ከተወጋ በኋላ ደግሞ ደጋግሞ ያነሳል። ኮምፒውተሩ የፊተኛውን ከኋላው ይቀንሳል። የቀረው የደመቀው ብቻ ነው። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱ፣ ቅርጹንም ፍጥነቱንም ያያል። ቀስ እያለ እየደመቀ የሚሄድ ነገር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ቶሎ ደምቆ ቶሎ የሚፈዝ ግን ያጠራጥራል። ጀርመናዊቷ ሐኪም ሲልቪያ ሃይቫንግና ባልደረቦቿ በዚህ ኮንትራስት የተነሳ የጡት ኤም አር አይ ጽሑፍ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ካንሰር ለመፈለግ ከሆነ «ያለ ኮንትራስት ይነሳልኝ፣ ይረክሳል» ማለት ትርፉ ኪሳራ ነው። የተከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው ሜዳ ላይ ይቀራል። (በጡት ውስጥ የተቀመጠ ሲሊኮን መፍሰሱን ለማየት ከሆነ ግን ኮንትራስት አያስፈልግም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ሁለተኛ፣ ለጡት ተብሎ የተሠራ መቀበያ አለ፤ ባለሙያዎቹ «ብሬስት ኮይል» ይሉታል። ሴትየዋ በደረቷ ትተኛለች፣ ጡቶቿ ሁለት ክፍተቶች ውስጥ ይወርዳሉ። ይህ መሣሪያ የሌለው ቦታ ማሽኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ለጡት አይሆንም። ቀጠሮ ከመያዝ በፊት በስልክ «የጡት ኮይል አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

«ኤም አር አይ ሁሉንም ይበልጣል» የሚለው ወሬ ከየት እንደተነሳ ደግሞ ላስረዳ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዴንስ የተባለ ትልቅ ጥናት ተሠርቶ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 የሆነ 40,373 ሴቶች ተካተቱ። ሁሉም በጣም ጥቅጥቅ ያለ ጡት ያላቸው፣ ማሞግራፊያቸውም «ሰላም ነው» የተባሉ ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ ጡት ማለት ከስብ ይልቅ ዕጢና ጅማት የበዛበት ጡት ነው። በማሞግራፊ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ካንሰርም ነጭ ነው። ነጭ ውስጥ ነጭ ፈልጉ እንደማለት።

ከፊሎቹ ለኤም አር አይ ተጠሩ። በሁለት ምርመራዎች መካከል ድንገት ብቅ የሚል ካንሰር ካልተጠሩት መካከል ከሺህ 5 ሲሆን፣ ከተጠሩት መካከል ወደ 2.5 ወረደ። በእርግጥ ሄደው ከተነሱት መካከል ደግሞ 0.8 ብቻ ነበር። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። የአውሮፓ የጡት ምስል ሐኪሞች ማኅበርም በ2022 እንዲህ ዓይነት ጡት ያላቸው ከ50 እስከ 70 ዓመት ያሉ ሴቶች ቢያንስ በየአራት ዓመቱ ኤም አር አይ ይቅረብላቸው ብሏል።

ጥናቱ ሌላም ቁጥር አለው፤ ይሄኛው ግን ሲወራ አይሰማም። በመጀመሪያው ዙር ከተነሱት ሺህ ሴቶች ወደ 80 የሚሆኑት አጠራጣሪ ነገር ታይቶባቸው ተጠርተው በኋላ ካንሰር እንዳልሆነ ታወቀ። ባዮፕሲ፣ ማለትም የመርፌ ናሙና፣ ከተወሰደላቸው መካከል ካንሰር የተገኘባቸው ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ማሽኑ ብዙ ያያል፤ የማይጎዳውንም ያያል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ለተጠሩት ሴቶች ቀጣዩ ምርመራ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። ዋናው ጥያቄ እኛ ጋ ሲሆን ምን ይከተላል ነው።

የእኛዋን ሴት እናስብ። የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ነው እንበል፤ ዕድሜዋ 41። ጉሊት ትሸጣለች። ከሁለት ወር በፊት ሻወር ላይ ሳለች ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር ነካች። አላመማትም፣ ስለዚህ ተወችው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመረመሩ የጡት ካንሰር ሕሙማን ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው፤ ከአውሮፓዎቹ ያንሳሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ የሚመጡት ሕመሙ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ግምት ለ2020 ባወጣው አኃዝ በአገራችን በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ 9 ሺህ ገደማ ይሞታሉ። የአዲስ አበባው የካንሰር መዝገብም በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ወደ ሲሶ የሚጠጋው የጡት መሆኑን ያሳያል።

ይህችን ሴት ከኔዘርላንድሶቹ ሴቶች ጋር አነጻጽሯት። እነሱ ምንም ምልክት የሌላቸው፣ በፕሮግራም የሚመረመሩ ናቸው። ያልታየ ነገር ነው የሚፈለግባቸው። የእሷ ግን በጣቷ የነካችው ነው፤ አለ። የቀረው ጥያቄ «ምንድን ነው?» የሚለው ብቻ ነው። ይህንን ደግሞ የትኛውም ፎቶ በእርግጠኝነት አይመልስም። የሚመልሰው መርፌ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ሦስት እርከን አለው። የሠለጠነ እጅ ጡቷንና ብብቷን ይዳስሳል። ቀጥሎ አልትራሳውንድ፣ ዕድሜዋ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሞግራፊም ይጨመራል። ከዚያ በማደንዘዣ፣ በወፈር ያለ መርፌ ከእብጠቱ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ይሄዳል። ካንሰር ከሆነ ፓቶሎጂው ሌላም ነገር ይናገራል፤ ሆርሞን ተቀባይ ነው ወይ? ኸር-2 የተባለው ፕሮቲን በዝቶበታል ወይ? ሕክምናው የሚወሰነው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ በተሠሩ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ካንሰሮች ሆርሞን ተቀባይ ናቸው። ለእነሱ ታሞክሲፌን የተባለው፣ ከኬሞ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ የሆነው ክኒን ይሠራል። ይህንን ኤም አር አይ አይነግራትም፣ ሊነግራትም አይችልም።

ታዲያ መርፌውን ለምን ሰው ይሸሸዋል? «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ስለሚባል ነው። ይህ እምነት ከእኛ ሰፈር አልፎ በየክፍለ ሀገሩ አለ። ሐኪሞችን የሚያደክማቸው አንዱ ነገር ይሄ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ሰዎች ባዮፕሲ የሚያስደርጉት ዘግይተው፣ ካንሰሩ ከገፋ በኋላ ስለሆነ ከመርፌው በኋላ ሲብስ ይታያል። የባሰው ግን ከመርፌው በፊት ነው። በመርፌ ናሙና መውሰድ ሕመምተኛዋን የመዳን ዕድል እንደማያሳጣት በደንብ ተጠንቷል። ኤም አር አይ እንዲህ የተወደደበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ይመስለኛል። የማይነካ ምርመራ ነው፤ ፍርሃቱን አያስነሳም። «ዶክተር፣ ከምትወጋኝ ኤም አር አይ ጻፍልኝ» የምትል ሴት መልስ ሳይሆን ጊዜ ነው የምትገዛው።

ጊዜ ደግሞ ከዳር ለሚመጣ ሰው ርካሽ አይደለም። ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ ሜክሲኮ ወይም ጥቁር አንበሳ ለመድረስ በሌሊት ተነስቶ ሰልፍ መያዝ አለ። ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ «ማሽኑ ስለተበላሸ ውጭ አሠሩ»። በእያንዳንዱ ዙር የጉሊቷ ገቢ ይቀራል፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ማዕቀፍ አንዲት ሴት ጤና ተቋም ከረገጠች በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ያልቅ ይላል። ከካንሰሮቹም ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ እያሉ ይገኙ ይላል። የኮዬ ፈጬዋ ሴት ሁለቱን ወር ቤቷ ውስጥ ጨርሳዋለች። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ገና ሲስተሯ ፊት ስትቀርብ ነው። ዕድርና ዘመድ አዋጥቶ ያገኘላትን ብር ኤም አር አይ ላይ ካዋለችው፣ ለባዮፕሲውና ለፓቶሎጂው ሌላ መዋጮ ልትጠብቅ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ኮንትራስትም መለዋወጫም ባለበት አልቆየም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በኤም አር አይ ብቻ የሚታይ፣ በእጅ የማይዳሰስ፣ በአልትራሳውንድ የማይታይ ነገር ቢገኝስ? ያን ጊዜ ናሙናው ኤም አር አይው ውስጥ ሆኖ፣ ማግኔት በማይስበው ልዩ መርፌ መወሰድ አለበት። ይህ ልዩ ዕቃና ልዩ ሥልጠና ይፈልጋል። እሱ በሌለበት ቦታ ሴትየዋ «የሆነ ነገር አለ» ተብላ ምን እንደሆነ ሳይነገራት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እኔ በበኩሌ ካለማወቅ የባሰ ነው እላለሁ። አንድ ተስፋ ግን አለ። ቦታው ከታወቀ በኋላ አልትራሳውንዱ ተመልሶ በጥንቃቄ ቢታይ የማይናቅ ቁጥር ያለው ይገኛል። ስለዚህ ራዲዮሎጂስቱ ሁለቱንም ምስል የሚያይ አንድ ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ይህንን ሁሉ ያልኩት ማሽኑን ለማጣጣል አይደለም። በትክክል የሚያስፈልጋቸው ሴቶች አሉ፣ ሲፈልጉትም ሊነፈጉ አይገባም። ብራካ አንድ ወይም ብራካ ሁለት የተባሉት ጂኖች ተበላሽተው የወረሱ ሴቶች ከነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 70 ገደማ ነው። ለእነሱ የአሜሪካው መመሪያ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ኤም አር አይ ይመክራል። እኛ ጋ የጂን ምርመራው ራሱ በቀላሉ አይገኝም። ግን «እናቴም እህቴም ገና በአርባዎቹ ሳሉ በዚሁ ሞቱ» የምትል ሴት ታሪኳን ለሐኪሟ መንገር ትችላለች፤ እሱ ብር አይጠይቅም። ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜዋ ደረቷ ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደችም እዚሁ መደብ ውስጥ ናት።

ካንሰሩ ከተረጋገጠ በኋላም ቦታ አለው። ብብቷ ውስጥ ያለው ንፍፊት ካንሰር ሆኖ፣ ጡቷ ላይ ግን በማሞግራፊም በአልትራሳውንድም ምንም ካልታየ ምንጩን ለማግኘት ኤም አር አይ ሁነኛው መንገድ ነው። ከወተት ዕጢው ጫፍ የሚነሳውና ተበታትኖ የሚያድገው የካንሰር ዓይነትም ስፋቱ በሌላ ምርመራ ይሸወዳል። ኬሞ አስቀድማ የምትወስድ ሴትም ዕጢው እየሟሟ መሆኑ በዚህ ይታያል።

ስለ ኮንትራስቱ ጉዳት ብዙ ይወራል። ከፊሉ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንዳንድ የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ኩላሊታቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያደርቅና የሚያጠነክር ከባድ ሕመም እንደሚያመጡ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ንጥረ ነገሩን አጥብቀው የሚይዙ ዓይነቶች ተመረጡ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2017 በደንብ የማይዙትን ከሞላ ጎደል ከአገልግሎት አስወጣ። ጤነኛ ኩላሊት ላላት ሴት ስጋቱ በጣም ዝቅተኛ ነው። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባት ግን ክሪያቲኒኗን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) አስቀድማ ብትለካ ጥሩ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ኮንትራስቱ አይሰጣትም። የምታጠባ እናት ግን ማጥባቷን ማቋረጥ የለባትም፤ ወደ ወተቱ የሚያልፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ወር አበባ የምታይ ሴት ቀጠሮዋን ወር አበባዋ ከጀመረ ከ7ኛው እስከ 15ኛው ቀን ባለው ጊዜ ብታደርገው ይመረጣል። ከዚያ ውጪ ጤነኛው ጡት ራሱ በሆርሞን ምክንያት ይደምቅና ምስሉን ያደናግራል። አንገቷ ላይ ያለው የብረት መስቀል ይወልቃል፤ የክር ማተቡ ምንም አይል። በሰውነቷ ውስጥ የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ የቀዶ ሕክምና ብረት ወይም የጥይት ፍንጣሪ ካለ ለቴክኒሻኑ ሳትናገር እንዳትገባ። ማግኔቱ ሌሊትም ቀንም በርቶ ነው ያለው።

ማግኔቱ ስል፣ ይህ ማሽን ወደ ዳር ሰፈሮች የማይመጣበትን አንዱን ምክንያት አስታወሰኝ። የሚቀዘቅዘው በፈሳሽ ሂሊየም ነው፤ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ። ባይሠራም ማቀዝቀዣው መቆም የለበትም። መብራት ሄዶ መጥቶ በሚቀጥልበት ሰፈር ይህ ራስ ምታት ነው። አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ከ10 ሊትር ያነሰ ሂሊየም ታሽጎባቸው ስለሚመጡ ነገሩ እየቀለለ ነው። ዋጋቸው ግን አልቀለለም።

ይልቅ ሁለት ነገሮች ተስፋ ይሰጡኛል። አንዱ አጠር ያለው ኤም አር አይ ነው። የተለመደው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ጀርመናዊቷ ክሪስቲያነ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሥራ በሦስት ደቂቃ በሚነሱ ምስሎች ብቻ ካንሰር ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። በ2020 የወጣ የአሜሪካና የጀርመን ጥናት ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጡት ባላቸው 1,444 ሴቶች ላይ አጭሩን ምርመራ ከባለ ሦስት ገጽታ ማሞግራፊ ጋር አወዳደረ። አጭሩ ኤም አር አይ ከሺህ 11.8 ወራሪ ካንሰር ሲያገኝ፣ ማሞግራፊው 4.8 አገኘ። አንድ ማሽን በቀን ብዙ እጥፍ ሴት ካነሳ ዋጋው ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ኮንትራስት ማሞግራፊ። ሐሳቡ ያው የሚያፈሱ ደም ሥሮችን መፈለግ ነው። ኮንትራስቱ ግን ለሲቲ ስካን የሚሰጠው የአዮዲን ፈሳሽ ነው፤ ማሽኑም ተጨማሪ ነገር የተገጠመለት ዲጂታል ማሞግራፊ ነው። ሂሊየም የለ፣ ማግኔት የለ። እንግሊዝ ውስጥ ብሬይድ የተባለ ጥናት ማሞግራፊያቸው ንጹሕ ከሆነ ሴቶች መካከል 9,361ዱን በዕጣ ለየ። በ2025 በወጣው ውጤት ኮንትራስት ማሞግራፊ ከሺህ 19.2፣ አጭሩ ኤም አር አይ 17.4፣ በማሽን የሚነሳው አልትራሳውንድ 4.2 ካንሰር አገኘ። ሁለቱ ኮንትራስቶች እኩል ሄዱ ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ጨረር መኖሩና አንዳንድ ሴቶች ለአዮዲኑ አለርጂ ማሳየታቸው ነው። ከኩላሊት አንጻርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጤና ሚኒስቴር ነገ «ገንዘብ አለኝ፣ ምን ልግዛ?» ቢለኝ፣ በከተማው ዳር ላሉ ሆስፒታሎች መጀመሪያ የባዮፕሲ መርፌና የፓቶሎጂ ባለሙያ፣ ቀጥሎ አልትራሳውንድ በደንብ የሚያነብ ሰው፣ ከዚያ ይህንን ማሞግራፊ እለው ነበር። ኤም አር አይውን መሐል ከተማ አንድ ሁለት ቦታ ከነኮይሉና ከነመርፌው አሟልቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

ለጊዜው ሐኪሟ በምክንያት ኤም አር አይ ያዘዘላት ሴት የድሮ ማሞግራፊዋንና አልትራሳውንዷን ከነሲዲው ይዛ ትሂድ። ሪፖርቱ ሲመጣ መጨረሻው ላይ ከ0 እስከ 6 ያለ ቁጥር ትፈልግ፤ ባይራድስ ይባላል። 1 እና 2 ሰላም ነው። 3 ከሆነ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር በኋላ ይደገማል። 4 ወይም 5 ከሆነ ባዮፕሲ የሚሠራበትን ቀንና ቦታ ሳትይዝ ከቢሮው አትውጣ።